ለአውቶቡስ የተማርኩት ፈረንሳይኛ

ያለ ክስ ሰባት ሳምንት አሰሩኝ። አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም። ኪሴ ውስጥ አንድ ደብተር ተገኘ፣ በቃ።

ፈረንሳይ አገር ያለችው ልጄ ወልዳ ነበር። «አባዬ፣ ከሥራ አይለቁኝም፤ ከአውሮፕላን ስትወርድ ብቻህን በአውቶቡስ ትመጣለህ» አለችኝ። እኔ ባሕር ዳር መናኸሪያ እንኳ የምጠፋ ሰው ነኝ፤ ጭንቅ ያዘኝ። እኛ ጋ ሞጣ ከድሬዳዋ ተመድባ የመጣች አንዲት ነርስ ነበረች። አባቷ ባቡር ላይ የሠሩ ናቸውና ፈረንሳይኛ ታውቃለች። እሷ እየነገረችኝ በእኛው ፊደል ጻፍኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ የፈረንጁን ከየት አምጥቼ? «ኡ ዱዋ ዤ ዴሳንድር»፣ የት ልውረድ። «ኧን ቢዬ ሲል ቩ ፕሌ»፣ እባክዎ አንድ ትኬት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ሞላ።

ለቪዛ ቀጠሮዬ ከሞጣ ተነስቼ ስሄድ ቢቸና ኬላ ላይ ሚኒባሱን አስቁመው ፈተሹን። መኮንኑ ደብተሩን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ። 

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፈረንሳይኛ።»

«አንተ ነህ ፈረንሳይኛ አዋቂው?» ሳቀ። «ይሄ ኮድ ነው። ማን አጻፈህ?»

ስሟን ብጠራ ያንኑ ቀን ከቤቷ ያወጧታል። ዝም አልኩ።

ያስገቡኝ እስር ቤት ያደረጉት የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ በጎን እንጂ በጀርባ አይተኛም። የበቆሎው አቧራ ጉሮሮ ይበላል። ጎኔ የተኛው የቢቸና ሰው፣ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ጠዋት ጠባቂው በሩን ከፈተና «መምህር፣ ከሰዓት የሽማግሌውን ደብተር ትመረምራለህ። ፈረንሳይኛ ካልሆነ ወየውለት» ብሎ ሄደ።

መምህሩ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንዲት ቃል አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ትናንት ነገርኳቸው። ‹እንግሊዝኛ ካወቅህ ያም ያው ነው› አሉኝ።»

ምን ላድርግ? አስተማርኩት። በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ዴሳንድር በል።»

«ዴሳንደር።»

«ጆሮህ የት ሄዷል? እንደገና!»

«ሃያ ዓመት ልጆች ስገርፍ የኖርኩት ግፍ ዛሬ ደረሰብኝ» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት ጠሩን። መምህሩ ሦስቱን መስመር ደህና አድርጎ ተረጎመ። አራተኛው ላይ ጠፋበት። መኮንኑ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን ይመታል። አፌን ብከፍት አለቀልን።

«ይሄ...» አለ መምህሩ ላቡን ጠርጎ፣ «‹ለሽማግሌ ወንበር ይልቀቁልኝ› ነው የሚለው።»

እኔ የጻፍኩት አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ይነሳል የሚል ነው። መኮንኑ መቆሜን አየና በርጩማ በእግሩ ገፋልኝ። አልተቀመጥኩም።

«እሺ፣ ፈረንሳይኛ ነው እንበል። ማን አጻፈው?»

መምህሩ ሳያመነታ «እኔ» አለ።

ሁለት ሕፃናት እንዳሉት ሌሊቱን አጫውቶኝ ነበር።

«ይዋሻል» አልኩ። «እሱን ያወቅሁት እዚሁ መጋዘን ውስጥ ነው። ያጻፈኝን ሰው አውቃለሁ፤ አልናገርም።»

«ትናገራለህ!»

«እናያለን።»

መምህሩን በሦስተኛው ቀን ለቀቁት። እኔን በየቀኑ እየጠሩ ያንኑ ጠየቁኝ። ቀጠሮዬ አለፈ። የልጅ ልጄ ዛሬ ቆሞ ይሄዳል አሉ፤ እኔ የማየው በስልክ ነው። ቂም የለኝም ብዬ አልዋሽም፤ አለኝ።

ነርሷ አምና ወደ አገሯ ተዛወረች። ይህንንም የምጽፈው ስለሄደች ነው። ልሰናበታት ስሄድ «ጋሼ፣ ያኔ የታሰሩት ግን በምን ነበር?» አለችኝ።

«መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት ነው» አልኳት። ዛሬም ብትጠይቀኝ መልሴ ያው ነው።

ፋይሌን ዘግተው የለቀቁኝ «ማስረጃ አልተገኘም» በምትል አንዲት መስመር ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ የካቲት ሃያ ሁለት ነበር።