የአየነው ቅልጥም

ሽባባው ከ1946 እስከ 1954 ዓ.ም. ዳንግላን ዘጠኝ ገና አከታትሎ አኮራት። ጨዋታ ወዶ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያስሮጠው ቂም ነበር። የተወለደው እንጅባራ ነው፤ እዚያ ሳለ አየነው የሚባል ባለርስት የሐሰት ምስክር አቁሞ ያባቱን ማሳ ነጠቀው። ሽባባውም ማሳው ዳር ካለችው ካባቱ ወይራ አንድ ቆልማማ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ሚስቱን ውዴን ይዞ ዳንግላ ገባ። ከቅርንጫፏ የገና ዱላ ጠረበ።

በልደት ዕለት የሁለቱ ከተማ ሰዎች መሐል መንገድ፣ አዲስ ቅዳም ሜዳ ላይ ይገጥማሉ። ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ በተጋጣሚው ዳር ያሳለፈ አሸነፈ፤ ያሸነፈም የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። በገና ጨዋታ ደግሞ ጌታ አይቆጣም። ሽባባው ይህቺን ደንብ ከማሳውም አብልጦ ወደዳት።

በየዓመቱ ሩሯን ያሳልፍና፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ፣ በቅሎው ላይ ወደተቀመጠው አየነው ይሄዳል፦

«መሬት በምስክር መንጠቅ የለመደ፣
ሩር ሲነጠቅበት ምነው ተዋረደ።»

አማርኛ የማይሰሙ አሮጊቶች እንዳይቀርባቸው ደግሞ በአገውኛ ይደግመዋል። አየነው ጥርሱን ነክሶ ይስቃል፤ ምን ያድርግ።

ዳንግላም ውለታውን አልበላችም። ሰዉ በደቦ ወጥቶ በሁለት ቀን ቤት ሠራለት። በዚያ ዘመን ከተወለዱት ወንዶች ስንቱ ሽባባው ተባለ!

በአሥረኛው ዓመት አየነውን አንገፈገፈው። ከበቅሎው ወርዶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላ ይዞ ሜዳ ገባ። የዳንግላ ተጫዋቾች አለቃ እንየው ይህን ሲያይ ሽባባውን ክንዱን ይዞ፣ «ዓይንህ ከሩሯ እንዳይነሳ፤ አሥረኛዋን አምጣልን» አለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሩሯ ተንከባልላ በሁለቱ መካከል ቆመች። ከአየነው ጀርባ ዳሩ ባዶ ነው። አንድ ምት ብቻ!

«ምታታ፣ አንተ መሬት አልባ» አለው አየነው።

ሽባባው መታ። ሩሯን ግን አልነካትም። የወይራዋ ዱላ አየነው ቅልጥም ላይ አረፈች፤ ስንጥቅ ሲል እስከ ሜዳው ዳር ተሰማ። በጨዋታ ለተሰበረ እግር ካሣ የለም፣ ክስም የለም። ሽባባው የወደቀውን ቆሞ ሲያይ እንጅባራዎች ሩሯን እየነዱ አሳለፏት።

ወደ ዳንግላ ሲመለሱ ያነጋገረው የለም። ቤቱን የከደኑለት ሰዎች እንኳ እስከ ፋሲካ ሰላምታ ነፈጉት። በፋሲካ እንየው ሆዱ አልችል አለውና መጣ። ውዴ ጠላ ቀዳችለት፤ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ለመሆኑ አይቆጭህም?» አለ።

«እንዴት አይቆጨኝም» አለ ሽባባው፣ ዱላዋን በቅቤ እያሸ። «አንደኛው እግሩ ደህና ቀረ።»