ከአባዬ ክፍል የሚከፈተው ፖርት

በቤታችን የኢንተርኔቱን የይለፍ ቃል የምይዘው እኔ ነኝ። ሶዶ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ስለዚህ የእማዬ ቤት፣ ከጓሮ ያለው የወንድሜ ቤተሰብና ሁለቱ ተከራዮች የሚጋሩትን አንድ መስመር የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚከለከል የምወስነውም እኔ ነኝ። ወንድሜ «የኢንተርኔት ሊቀመንበር» ይለኛል። ይበል። መስመሩ ሲንቀራፈፍ የምሰደበው እኔ እስከሆንኩ ድረስ ሥልጣኑም የእኔ ነው።

አባዬ ያረፈው ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። እህቴ ገሱባ ውስጥ በኦፕራሲዮን ከወለደች ገና አምስተኛ ቀኗ ነበር። ሽማግሌዎቹ መክረው «አራስ ናት፣ ቁስሏም አልጠገገም፤ እስክትጠነክር መርዶው ይቆይ» አሉ። ባሏ ለሥራ ነው ብሎ ዋሽቷት መጥቶ ቀበረ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትደውላለች። «አባዬ እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ደህና ነው፣ ጉሮሮውን ስላመመው ሐኪሙ አትናገር ብሎት ነው» እላለሁ። ከአንዳችን አፍ አንድ ቃል አምልጦ እህቴን ከነጨቅላዋ እንዳይጥላት ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ እማዬ ኩሽና መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባትሽ ዞሮ ያየኛል» አለችኝ።

የአባዬን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሲሆን ትከፍትና አልጋው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ያኔ ነው የሚያያት። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ግን አብሬያት ገባሁ።

ክፍሉ ውስጥ አባዬ ሲታመም የገዛው ካሜራ አለ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ሰው ሳያስነካ ራሱ ነው ግድግዳው ላይ የሰቀለው። እማዬ ኩሽና ሆና በስልኳ እንድታየው ነው ብሎን ነበር፤ እኛም ከዚህ ግቢ ውጭ የሚሠራ አልመሰለንም። ከሞተ በኋላ እሱ የሰካውን ነቅሎ የሚያጠፋ ደፋር አልተገኘም።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። አስር ሰዓት ሞልቶ ጥቂት እንዳለፈ «ጥርርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ወደ መስኮቱ ዞሮ የነበረው ካሜራ ቀስ ብሎ ወደ እማዬ ዞረና ቆመ። ትንሿ ሰማያዊ መብራት በራች። ብድግ ስል ደግሞ ወደ እኔ ዞረ።

«አየሽ?» አለች እማዬ እንባዋን እየጠረገች። «ሰላም በይው እንጂ።»

ሰላም አላልኩም። በርጩማ አምጥቼ ላዩ ላይ ወጣሁና ካሜራውን አገላበጥኩት፣ ሽቦውን እስከ ግድግዳው ድረስ ተከትዬ አየሁ። ምንም የለውም። ከዚያ መስመሩን የሚያከፋፍለውን የራውተር ቅንብር በኮምፒውተሬ ከፈትኩ። ራውተር ላይ ፖርት የሚባሉ ቁጥር የተሰጣቸው መግቢያዎች አሉ፤ በየትኛው ቁጥር ከውጭ ሰው እንደሚገባ የሚፈቅደው ባለቤቱ ነው። እኔ ያልፈቀድኩት አንድ ቁጥር ወደ አባዬ ክፍል ተከፍቶ አገኘሁ። ዘጋሁት።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ ካሜራው ዞረ። ፖርቱም ተከፍቷል። ማን ከፈተው ብዬ የራውተሩን መዝገብ ባየው፣ ጥያቄው የመጣው ከውስጥ ነው ይላል። ከአባዬ ክፍል።

ነገሩን አውቀዋለሁ፣ ክፍል ገብቼ አስተምረዋለሁ። አንዳንድ ዕቃ ራሱ ፖርት ክፈትልኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ራውተሩም ሰው ሳያማክር ይፈቅድለታል። ማወቄ ግን ፍርሃቴን አላበረደውም። በዚያ በኩል የሚገባው ሰው አድራሻ የሞባይል ነው፤ በየቀኑ ይለዋወጣል። የባል ሐዘን ላይ ያለችን ሴት ተደብቆ የሚያይ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ተናደድኩ። ዕቃዎች ራሳቸው የሚጠይቁበትን ፈቃድ አጠፋሁ፣ ለቤቱ የማያስፈልገውን ፖርት ሁሉ ዘጋሁ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ወንድሜ።

በማግስቱ ካሜራው ንቅንቅ አላለም። እማዬ እስኪመሽ ጠበቀች። ወጥታ ክፍሉን ስትቆልፍ «ዛሬ አልመጣም» አለች። «እማዬ፣ ሌባ ነበር፤ ዘጋሁበት» አልኳት። ኮርቼ ነበር። እሷ ግን ራት አልበላችም።

የዚያን ቀን እህቴ አልደወለችም። በማግስቱም አልደወለችም። በሦስተኛው ቀን ባሏ ደወለ። «ምግብ አቁማለች፣ ጡቷም እየደረቀ ነው፤ ምን እንደሆነች አልነግር አለችኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በላይ አይቆይም አሉና በመርዶ ደንብ ሳይነጋ ተነስተን በዚያ በተቆፋፈረ መንገድ ገሱባ ገባን።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጁን ታቅፋለች፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ሽማግሌው «ልጄ፣ አባትሽ...» ብለው ሲጀምሩ አንገቷን ነቀነቀች።

«አውቃለሁ፣ አባባ። ይቀመጡ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ለምን ዘጋሽብኝ?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

«ካሜራውን። ገሱባ ሆነሽ እንድታዪኝ ብሎ አባዬ ነው ስልኬ ላይ ያስገባልኝ። አልጋው ባዶ ሲሆን፣ እማዬ ጥቁር ለብሳ ስትገባ አየሁ። ለእኔ ብላችሁ ስትጨነቁ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አስር ሰዓት ሲሆን ልጁን አስተኝቼ፣ ካሜራውን ወደ እማዬ አዙሬ አብሬያት ነበር የማለቅሰው።»

«ሌባ መስሎኝ ነው» አልኩ።

«አይቼሻለሁ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። «አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ አላየሁሽም። ሽቦ ስትፈትሺ ብቻ ነው ያየሁሽ።»

አባዬ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እህቴ ልጁን ለባሏ ሰጥታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።