የውሃ ልክ ጓሮ

ሴራሚክ አንጣፊውን ሰፈሩ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ነው፤ ውሃ ልክ ይሉታል። እሱ ያነጠፈው ወለል ላይ እንቁላል ቢቀመጥ አይንከባለልም ይባላል። እንቁላል አስቀምጦ ያየ ሰው የለም፤ ስም ግን አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል። የራሱ ቤት ወለል ደረቅ ሲሚንቶ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ።

ይህ ሰው አንድ አመል ነበረው። ደንበኛ «ስንት ካርቶን ልግዛ?» ሲለው አንድ ሁለት ጨምሮ ይነግረዋል፤ «ይሰበራል» ይላል። ሐሰት አይደለም፣ ሴራሚክ ይሰበራል። እሱ እጅ ላይ ግን እምብዛም አይሰበርም። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ከመሣሪያው ጋር ጆንያ ውስጥ ከትቶ ውልቅ ነው። አንድም ቀን ሌብነት ብሎት አያውቅም። ትራፊ ነው፣ አንጣፊ ሁሉ ያደርገዋል፣ ለባለቤቱስ ምን ይሠራለታል እያለ ለራሱ ሲያስረዳ ሃያ ዓመት ኖሯል። ሰው ለራሱ ጥብቅና ሲቆም የሚረታው የለም።

ትራፊው የሚከማቸው ከጓሮው ጥግ ነበር። የዛገ በርሜል፣ እግሩ የተሰበረ የብረት አልጋ፣ ከማጠፊያው የወለቀ አሮጌ በር እዚያው ተጥለዋል፤ አረሙ ወገብ ይደርሳል። ሚስቱ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ያን ጥግ ላለማየት ፊቷን ታዞራለች።

ዘንድሮ ሚስቱ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሐኪሙ ንጹሕ አየር እያገኘሽ ተቀመጪ አላት። እቤት ገብታ «የት ልቀመጥ?» ብላ ባሏን ጠየቀችው። በማግስቱ አረሙን መንቀል ጀመረ።

ሕክምናው እጃቸውን ባዶ ስላስቀረው ያለውን ነገር አገላብጦ ሠራ። በርሜሉን ለሁለት ሰንጥቆ አፈር ሞላበትና ናና ተከለ። የአልጋውን ብረት ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሐረግ እንዲወጣበት አደረገ። አሮጌውን በር በጡብ ላይ አጋድሞ መቀመጫ አደረገው። ጎረቤት የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ሰጠ። ከጓዳው በር እስከ መቀመጫው ያለውን መንገድ ደግሞ በትራፊው አነጠፈው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ አበባ ያለበት፣ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ቅጠል የተሳለባቸው ዘጠኝ ሰማያዊ።

ሚስቱ ከዚያ መቀመጫ ላይ ጠፍታ አታውቅም። መልኳ ተመለሰ። በአጥሩ ያለፈውን ሁሉ «ና እስቲ ጓሮዬን እይልኝ» እያለች ታስገባለች። «አምስት ሳንቲም አላወጣንም፣ ሁሉም የባሌ እጅ ነው» ትላለች። እሱም አጠገቧ ቆሞ ደረቱን ነፋ ያደርግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ብቻዋን የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሚስቱ አሮጌ መጋረጃ ልካላት ለመቀመጫው ትራስ ሰፍታለች። ይህች ሴት የሰው ቁራጭ አታስቀርም። ጣት የማታህል ብጣሽ ብትሆን ቋጥራ ከልብሱ ጋር ትመልሳለች። ሰው «ይሄን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲስቅ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያንተ ነው» ትላለች።

ውሃ ልክ ናናውን እያጠጣ ነበር። በአጥሩ በር ስትገባ ሲያያት ዓይኑ ወደ ዘጠኙ ሰማያዊ ሄደ። አምና መታጠቢያ ቤቷን ያነጠፈው እሱ ነው። ሰማያዊውን ሴራሚክ ቀስ በቀስ ነበር የገዛችው። በመጨረሻው ቀን ከበሩ ጀርባ ያለችው ጥግ ብቻ ቀረች። እዚያ በቧንቧው ዙሪያ ቆርጦ ማስገባት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ትልቅ ሥራ ይጠብቀዋል። «ሴራሚኩ አለቀ» አላት። «በሩ ይሸፍነዋል፣ ማን ያየዋል?» ጥጓ ሲሚንቶ እንደሆነች ቀረች፤ ዘጠኙ በጆንያ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ትራሱን አስቀምጣ ልትቀመጥ ስትል ዓይኗ እግሯ ሥር አረፈ። ከዚያ እግሯን ከሰማያዊው ላይ አንስታ አፈሩ ላይ አሳረፈች።

«ሁሉም እኮ ከሥራ የተረፈ ነው፣ እትዬ» አለች ሚስቱ ደስ ብሏት።

«አዎ» አለች ሴትዮዋ። «ይተርፋል።»

ከቦርሳዋ የተቋጠረች ጨርቅ አውጥታ የመጋረጃሽ ቁራጭ ነው ብላ ለሚስቱ ሰጠቻትና ሻይ ሳትጠጣ ሄደች። እሱን ቀና ብላ አላየችውም። ብትሰድበው የሃያ ዓመት መልስ ነበረው፤ ለዝምታዋ ግን ምንም አላዘጋጀም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሚስቱ ምነው ፊትህ ጠቆረ አለችው። ነገራት፤ አንዱንም አልደበቀም። ቋጠሮዋን እጇ ላይ ታገላብጥ ጀመር።

«እኔ እኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ጎረቤቱን ሁሉ እጁን እየያዝኩ አሳየሁት።»

ከዚያ በኋላ መቀመጫው ላይ አልተቀመጠችም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን ውሃ ልክ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል፤ ያን ቀን ገና ገባው።

ጠዋት መሮና መዶሻ ይዞ ወጣ። ሥራው ጥሩ ስለነበረ አልለቅ አሉት። ስምንቱን በደህና አወጣ፣ ዘጠነኛው ለሁለት ተሰበረ። ቀና ሲል የቀረውን መንገድ አየው። ነጩ የፋርማሲስቱ ነው፣ ግራጫው የሹፌሩ፣ ባለ አበባው የመምህሯ። ሁሉንም ቤት በስም ያውቀዋል። ዓይኑን መለሰና ስምንቱን በዚያው ጆንያ ተሸክሞ ሄደ።

መንገድ ላይ «ተሳስቼ ነው» ሊል አሰበ፤ ውሸት መሆኑን ሲያውቀው ተወው። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት «የእርስዎን ነው ያመጣሁት» ብቻ አለ። ጆንያውን አይታ «ግባ» አለችው።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘግቶ ከጀርባው ተንበረከከ። በቧንቧው ዙሪያ እየለካ ሲቆርጥ በእርግጥም ግማሽ ቀን ፈጀ። ከወዲያ ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማዋል። ሲጨርስ ከማጠፊያው ሥር የአንድ ሴራሚክ ቦታ ሲሚንቶ ሆኖ ቀረ። እጁን ታጥቦ ወጣና መሬት መሬቱን እያየ ቆመ።

«አንድ አነሰ» አላት። «ስነቅለው ተሰበረብኝ። እውነቴን ነው።»

ሴትዮዋ ዓይኗን ከመርፌው ላይ አላነሳችም።

«አምኜሃለሁ» አለችው። «ያኔም አምኜህ ነበር።»