ሳይሰፋ የተወሰደ ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ሬዲዮ አይከፍትም። ወሬ የሚለየው በደንበኞቹ ኮቴ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት፣ ከሱ ሰፈር ሰዎች በተለየ ጸሎት ቤት የሚጸልዩት ብዙኃኑ፣ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ለመውሰድ መመላለስ ከጀመሩ ሰፈሩ ሊቃጠል ነው ማለት ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ከተማው በሙሉ ያወቀውን የነሱ ሰፈር የሚያውቀው በዚህ ብቻ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሱቁ ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል። ሦስቴም "ያልፋል" ብሎ፣ ግድግዳውን ለስኖ፣ ሌላ የስፌት መኪና አስገብቷል። ሰው ነውና ሰልችቶታል።

ሰኞ ዕለት ኮት እንዲሰፋለት የሰጠ አንድ የማዶ ደንበኛ መጣ። "አጎቴ ሞቶብኝ ነው፣ አሁኑኑ ልውሰደው" አለ። ኮቱ ገና አንድ እጅጌ ብቻ ነበረው።

"ለቅሶ በአንድ እጅጌ!" አለች የሰፊው ሚስት፣ ሰውየው ከወጣ በኋላ። ማንም አልሳቀም። ማክሰኞ ደግሞ ሦስት ሰዎች መጡ።

"እንሂድ በቃ" አለችው ማታ። "ወንድሜ ጋ ገብተን እዚያው እንቅር። እዚህ ተመልሼ አመድ አልጠርግም።"

"የሙሽራዋ እናት ቀሚሱን ከወሰደች፣ እንሄዳለን።"

የሙሽራዋ እናት ማዶ የምትኖር አስተማሪ ናት። የልጆቿን ዩኒፎርም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፋው እሱ ነው። ባለፈው እሳት ልጆቹን መኝታ ቤቷ ደብቃ ያተረፈችለት እሷ ናት። እሷ እስካልመጣች ድረስ ምንም የለም እያለ ራሱን ይሸነግል ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት መጣች። ከበሩ አላለፈችም።

"ቀሚሱን... ልውሰደው ብዬ ነው።"

"ገና በስፒል የተያያዘ ነው እኮ።"

"ይሁን፣ ግድ የለም።"

ስፒሎቹ ወደ ውስጥ እንዲሆኑ አድርጎ ቀስ ብሎ አጠፈው። "ስትለካው እንዳይወጋት" አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መቼ ነው?" ሲል ጠየቃት።

"ነገ ይላሉ።" ዓይኑን ማየት አልቻለችም። "ልጆቹን አምጡልኝ እንዳልል፣ ዘንድሮ የኔ ቤት አይሆንም። ወንዱ ልጄ ከነሱ ጋር ነው። ጠርሙስ ውስጥ ቤንዚን ሲሞላ በዓይኔ አየሁት።"

ልጁ ቁመቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚጨምር ሱሪውን በየዓመቱ የሚያስረዝምለት ሰፊው ነበር። ሊቆጣት ፈለገ፤ አቅም አጣ። ሳትመጣ ብትቀር እኮ ምንም ሳያውቁ ያድሩ ነበር። ሊያመሰግናት ደግሞ አፈረ። ለዚህም ይመሰገናል እንዴ?

"ሲያልፍ እመልስልሃለሁ" አለች፣ ቀሚሱን ደረቷ ላይ እንደያዘች። "ሠርጉ ገና ወር ይቀረዋል። ካንተ ሌላ እጅ አይነካውም።"

"ያልፋል" የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ምላሱ ላይ መጣች። ዋጣት።

"እህቴ፣ ሌላ ሰፊ ፈልጊ" አላት።