ለሙኒራ ያልመሰከርኩት

ባለፈው ሰኞ፣ ወልቂጤ የምትማረው የወንድሜ ልጅ ትዕግስት በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ኔትወርክ ልያዝ፣ ክላውድ ልማር ወይስ ሳይበር ሴኩሪቲ? የሚያዋጣው ሰርተፍኬት የቱ ነው? መቼም አንተ ታውቃለህ።»

እዚህ ሙያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ሰርተፍኬት ካነሱብኝ የምሳ ሰዓት አልቆ እንኳ የማላቆም ሰው ነኝ። ይቺን ግን አነበብኳትና ሦስት ቀን ሳልመልስ ቀረሁ። «አንተ ታውቃለህ» የምትለው ነገር ናት የያዘችኝ። አንድ ጊዜ ቡታጅራ ላይ እንዲሁ ያውቃል ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ አለ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ከተቀጠርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ የውጭ ኩባንያ ማኅተም ያረፈበት የኔትወርክ ሰርተፍኬት ነበረኝ። እንዴት እንዳገኘሁት ልናገር። የፈተናው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እንደ ዳዊት ደገምኳቸው፤ የፈተናው ቀን ጥያቄውን አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን እጫን ነበር። በዚያ ወረቀት ተቀጠርኩ። ሥራዬ በአብዛኛው የአለቃዬ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ማላቀቅ ነበር።

ለመስቀል እንደማንኛውም የጉራጌ ልጅ አገር ቤት፣ ቡታጅራ ገባሁ። ዝናቡ ጨርሶ አልለቀቀም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ዘቢዳር ተራራም ጭጋጉን ተከናንቦ ያረፍድና ወደ አምስት ሰዓት ላይ ብቅ ይላል። ክትፎውን በትኩስ ቆጮ፣ አይቡን በጎመን እያደረግሁ መተንፈስ እስኪያቅተኝ በላሁ። አባቴ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ነው» ይላል። ኢንጂነር አልነበርኩም። ላርመው ይገባኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ስሙ ይጥማል።

ከእንግዶቹ አንዱ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር።

«ኢንጂነር፣ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር በእርዳታ አግኝተን እርስ በርስ የሚያገናኝልን ሰው አጣን። ትምህርት ሳይጀመር አንድ ቀን ብትሰጠን?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቴ «ነገ ጠዋት ይመጣል!» አለ።

ትምህርት ቤቱ የኔትወርክ ገመድ ጫፍ መጨመቂያ ስላልነበረው ዳይሬክተሩ ገበያው አጠገብ ካለ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ተዋሰ። መሣሪያውን ይዛ የመጣችው የባለሱቁ እህት ሙኒራ ናት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጣቶቿ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ዳይሬክተሩ ክፍሉን ከፍቶልን ወደ ጉዳዩ ሄደ።

ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። የቀለማቸውን ቅደም ተከተል በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶልኛል። መጨመቂያውን ግን በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም። የመጀመሪያውን ገመድ ሠርቼ ሰካሁ፤ መገናኘቱን የሚያሳየው የመሰኪያው መብራት አልበራም። ሁለተኛው አልበራም። ሦስተኛውማ ጭራሽ ጫፉ እጄ ላይ ወለቀ።

ሙኒራ የወለቀውን ጫፍ አንስታ አየችውና፣ «ወንድሜ፣ ሽቦዎቹ እኩል አልተቆረጡም፤ ጥግ ድረስ ሳይገቡ ነው የጨመቅካቸው። አምጣ እስቲ» አለች።

ሽቦዎቹን በጣቶቿ ለየቻቸው፣ አቃናቻቸው፣ እኩል ቆርጣ አስገባቻቸው። ጨመቀችና ሰካችው። አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። እስከ አሥር ሰዓት አሥራ ሁለቱንም እሷ አገናኘች። እኔ ገመድ አቀብላት ነበር።

እየሠራች ታወራኛለች። «ለዚህ ክፍል ሰው ሊቀጥሩ ነው። ወረቀት የለኝም፤ ዳይሬክተሩ ግን መቻልሽን የሚነግረኝ ባለሙያ ካገኘሁ ለወረዳ እጽፍልሻለሁ ብሎኛል። ሥራውን ካገኘሁ አልሄድም፣ ወላሂ።»

«የት ነው የማትሄጂው?»

«ዓረብ አገር ነዋ። ፓስፖርቴ ወጥቷል። እናቴ ከአሁኑ ታለቅሳለች።»

ዳይሬክተሩ ሁለት የወላጅ ኮሚቴ ሽማግሌዎች አስከትሎ ሲገባ ሁሉም ኮምፒውተር በርቷል። «ኢንጂነር፣ ጨረስከው!» ብሎ አጨበጨበ። ሙኒራን አየኋት። እጇን እየጠረገች «እሱ እያሳየኝ ነው የሠራነው» አለች። ለበዓል የመጣ ሰው በአገሩ ሽማግሌ ፊት እንዳያፍር ብላ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው «ለልጆቻችን እንደደረስክ አላህ ይድረስልህ፤ እደግ ተመንደግ» ብለው መረቁኝ። አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ጨዋ መሰልኳቸው።

ወጥተን በሩ ላይ ስንደርስ ዳይሬክተሩ ክንዴን ይዞ ለብቻ አደረገኝ። «ይቺን ልጅ ለክፍሉ ልይዛት አስቤያለሁ። አብራችሁ ዋላችሁ፤ ትችላለች ካልከኝ ስምህን ጠቅሼ እጽፋለሁ።»

ትችላለች ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ነገር ግን እሷ እዚያ ክፍል ከተቀመጠች አንድ ቀን ገመዱን ማን እንደሠራው መነገሩ አይቀርም፤ ወሬው አባቴ ጋ ይደርሳል። ይህን አሰብኩ። ፓስፖርቷንም እናቷንም አልረሳሁም፤ እያወቅሁ ነው።

«ያለ ሰርተፍኬት ይከብዳል» አልኩት። «የእጅ ልምድ ብጤ አላት፤ መሠረቱ ግን የላትም። እኔ ብሆን ኃላፊነቱን አልወስድም።»

ራሱን ነቀነቀ። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ወረቀት ያለው ሰው ተናግሯል።

ኅዳር ላይ እናቴ በስልክ የሰፈሩን ወሬ ስትነግረኝ ሙኒራ ቤሩት መሄዷን በመሃል ጣል አደረገችው። ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ አንዱ ያ ምሳ ነው።

ስምንት ዓመት አለፈ። ቡታጅራ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስኪሞላ ስጠብቅ አንዲት ሴት በመስኮቱ በስሜ ጠራችኝ። ቶሎ አላወቅኳትም። ከስታለች።

«ሙኒራ ነኝ። ተመልሼ የራሴን ጥገና ቤት ከፈትኩ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሴቶች ልጆችም አስተምራለሁ» አለችኝ። ቀጠለች፤ «ያኔ ሳላመሰግንህ ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ነግሮኛል እኮ። ኢንጂነሩ ትችላለች ብሎ መስክሮልሽ ነበር፣ እንቢ ያለው ወረዳው ነው አለኝ። ሰው ቤት ወለል ስወለውል፣ የሚያውቅ ሰው ትችላለች ብሎኛል እያልኩ ነው የቻልኩት። አላህ ይስጥህ።»

ዳይሬክተሩ ልቧ እንዳይሰበር ብሎ የፈጠራት ውሸት ናት። ሚኒባሱ አልሞላም፤ ወርጄ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ።

«አሜን» አልኳት።

ለትዕግስት ትናንት መለስኩላት። ሰርተፍኬት ጥሩ ነው፣ በር ያስከፍታል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ኔትወርኩንና ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በእጅሽ እየሠራሽ፣ እያበላሸሽም ልመጂ፤ ክላውዱና ሴኩሪቲው ከዚያ ይቀልሻል፤ የተሸመደደ መልስ ይዘሽ ፈተና እንዳትገቢ አልኳት። ወዲያው መለሰች። «እሺ ጋሼ፣ እረፍቴን አያቴ ጋ ቡታጅራ ነኝ። እዚያ በእጅ የሚያስተምር ሰው ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ከሷ የተሻለ አላውቅም። ልጅቷን ብልካት ግን ሙኒራ ገና ሳታስቀምጣት አጎትሽ ደግ ሰው ነው ልትላት ነው፤ ትዕግስትም ታምናታለች።

«አለች አንዲት ሴት። መጀመሪያ እኔ ሄጄ ላናግራት» ብዬ ጻፍኩላት። ቅዳሜ ቡታጅራ ነኝ። ሙኒራ ይዤው ኖሬያለሁ ያለችውን «ትችላለች» የሚል ቃል ከእጇ ልቀማ ነው የምሄደው፤ አሁን ራሴ ትችላለሽ ብላት ደግሞ ለምን ታምነኛለች?