አንዴ ጠርቶ የሚቆም ስልክ

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ አልረጋም። ወንዱ ልጄ ቡሬ፣ ሴቷ ፍኖተ ሰላም ናቸው፤ ወር እዚያ፣ ወር እዚህ እላለሁ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ከፈረስ ቤት ከተማ ማዶ፣ ገጠሩ ውስጥ ነበረች። ያን ክረምት ታማ ተኛች። ሰው ቢልኩብኝ ቡሬ ሲደርስ ፍኖተ ሰላም ነች ይሉታል፣ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ ቡሬ ሄዳለች ይሉታል። የወንድማችንን ሞት እንዲህ ስዞር ቆይቼ ከተቀበረ በኋላ ነው የሰማሁት። የእህቴም እንዳይደገምብኝ ፈራሁና ስልክ ልግዛ አልኩ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ገባሁ።

«በቀን ምን ያህል ያወራሉ፣ እማማ?»

«እኔ አላወራም። እህቴ በሰላም ማደሯን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ሳቀች። «ማደሯን የሚነግር ጥቅልስ የለንም!»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በየወሩ የሚከፈለው ለነጋዴ ነው። ጥቅሉም ደቂቃ ይሰጥና ካልተወራበት ይጠፋል። ለእኔ ቢጤ ካርድ ይሻላል፤ ትንሹ ካርድ ግን ቀኑ አጭር ነው፣ ትልቁ ይረዝማል።

«ብሩ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል?» አልኳት።

«ያልቃል።»

«ታዲያ የተረፈው ብር ወዴት ይሄዳል?»

«እንጃ እማማ፤ ሲደርሱበት ለእኔም ይንገሩኝ።»

ከሁሉ የሚረክሰውን የነገረችኝ መጨረሻ ላይ ነው። ሚስኮል ይሉታል። አንዴ ይጠራል፣ ይዘጋል፤ እስካልተነሳ ድረስ በማንም ላይ አይቆጥርም። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክና ትንሹን ካርድ ገዛሁ። ፍቃ ሞላችልኝ።

የእህቴ ልጅ ስልክ ነበራት። ወደ እሷ ደውለን፣ እህቴን ደግፋ ደጃፍ አውጥታ አገናኘችኝና ውል ገባን። ጠዋት እህቴ አንዴ ታስጠራለች፤ አድሬያለሁ ማለት ነው። እኔም አንዴ አስጠራለሁ። ለወጉማ በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ፣ ቁጭ ብለን እንጫወታለን።

«እንዳታነሺ ታዲያ!» አለች እህቴ። «ችኩል ነሽ፣ አውቅሻለሁ። ካነሳሽው ካርዳችን አለቀ!»

ከአንደበቷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ጠዋት ደጀ ሰላም ተሳልሜ ስመለስ መቀነቴ ውስጥ አንዴ ይጠራል፣ ይቆማል። ተመስገን እላለሁ። ሳላያት እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ያነሳች ይመስለኝ ነበር። ቀኔ የሚነጋው በዚያች ጥሪ ሆነ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ቡሬ ነበርኩ። ከምራቴ ጋር ግቢው ውስጥ በርበሬ ስንቀነጥስ ስልኩ ጠራ። አንዴ። አልቆመም። ደገመ፣ ሰለሰ።

«ያንሱት እንጂ፣ እማማ!» አለች ምራቴ።

«አይነሳም። ውል አለን። መዝጊያው ጠፍቷት ነው።»

ሲጠራ ቆይቶ ዝም አለ። ወዲያው ደግሞ ጀመረ። እቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካት ብዬ ሳቅሁ እንኳ። ሲበቃው እጄን ታጠብኩና አንዴ አስጠርቼ ዘጋሁ። ካርዷን ጠበቅሁላት ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ በርበሬዬ ተመለስኩ።

ረፋድ ላይ ከዚያው ቁጥር እንደገና ሲጠራ ምራቴ ከመቀነቴ ነጥቃ አነሳችው። ፊቷን አይቼ አወቅሁ።

ከቀብር በኋላ የእህቴ ልጅ ነገረችኝ። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ወጥታ የምታስጠራላት እሷ ነበረች። በዚያች ጠዋት ስልኩን አልጋው አጠገብ ትታ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ፣ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ያልወረደች ሴት ደጃፉ ላይ መቃኑን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፤ ትንፋሿ ግን የለም።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አልኳት።

«አክስቴ፣ እኔ ምን አውቄ? ምናልባት ሳታውቀው ቁልፉን ነክታው ይሆናል።»

ይሆናል። ግን ሁለት ጊዜ ነው የጠራው። ደግሞም ከአልጋው እስከ ደጃፉ ሳያውቁ አይደረስም። ረፋድ ላይ መርዶው እስኪደወል ድረስ እህቴ የሞላችው ካርድ ምንም አልጎደለም ነበር።

አሁን ትልቁን ካርድ ነው የምሞላው፤ ሻጯ ትገረማለች። ማንም ይደውል፣ ተሳስቶም ቢሆን አነሳለሁ። የእህቴ ልጅ ያንን ቁጥር ስላልተወችው ጠዋት አንዴ ታስጠራልኛለች። ሳይጨርስ አነሳዋለሁ።

«ኧረ አክስቴ! ካርዴን በሉብኝ እኮ!» ትላለች።

«ይበላ» እላታለሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አላወርድም። እሷም አትዘጋብኝም። ደጃፍ ላይ መቆሟን አውቃለሁና፣ ነፋሱን እየሰማሁ እቆያለሁ።