ኩራዙ እየነደ የወጣ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምንሰማው የማሽላ ጉድጓድ በተከፈተ ቀን ብቻ ነበር። ያኔ በእኛ መንደር፣ ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲወርዱ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እህል የሚቀመጠው ከመሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ማሽላው ከገባ በኋላ በጭድ፣ በድንጋይና በአፈር ይደፈናል። ሲከፈት ታዲያ ወዲያው አይገባበትም። ለወራት ታፍኖ የቆየ አየር ሰው ይገድላል። አፉን ከፍተው ዙሪያውን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ በየመሀሉ ኩራዝ በገመድ አስረው ያወርዳሉ። ኩራዙ ከጠፋ ገና ነው። እየነደ ከወጣ ሰው ይገባል።

ይህን ሥራ የሚመሩት አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው በጉርምስናው ቸኩሎ ገብቶ እዚያው ቀርቷል ይባላል። እሳቸው ሲያነሱት ግን ሰምቼ አላውቅም። የማውቀው ጉድጓድ በተከፈተ ቁጥር ተረት መጀመራቸውን ነው። ተረቱ ለእኛ ለልጆች አልነበረም፤ ለጎረምሶቹ ነበር። ቤቱ እህል ያለቀበት ጎረምሳ መቀመጥ አይችልም። «አያ፣ አሁንስ ይበቃዋል፣ ልግባ» ይላል። አያ ይመር ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ «ግባ፣ እኛ የተረቷ ግሪሳ ምን እንዳለች እንሰማለን፤ አንተ ከታች ሆነህ ይቀርብሃል» ይሉታል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱም እያጉረመረመ ይቀመጣል።

ጉድጓድ የሚከፈተው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነበር፣ በቀን ዓይን ይበዛበታል ተብሎ። ለወባ ትንኝ እበት ይጨሳል። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የፍሙ ቅላት የአያ ይመርን ጉልበትና እጅ ብቻ እያሳየን፣ ፊታቸው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ድምፃቸውን እንሰማ ነበር። ኩራዙ እየነደ ብቅ ሲል ግን ተረቱ እዚያው ላይ ይቆማል፣ በቃል መሀል ቢሆን እንኳ። የቀረው ለሚቀጥለው ጉድጓድ ነው። የሚቀጥለው ጉድጓድ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

እንድሪስ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ ነበር። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። በማግስቱ ማማ ላይ ወጥተን ወፍ ስንጠብቅ ተረቱን እኔ እንድደግምለት ያስገድደኝና አንዲት ቃል ከጨመርኩ በወንጭፉ ገመድ እግሬን ቸብ ያደርገኛል። «አላሉም! እሱን አላሉም!» ይለኛል። እኔ በባሕርዬ ፈሪ ስለነበርኩ እየተጠነቀቅሁ እደግም ነበር።

አንድ ዓመት የያዙት ተረት ሦስት ጉድጓድ ፈጅቶ ገና አላለቀም ነበር። አንድ ገበሬ ማሽላውን ግሪሳ ጨረሰበት። ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ሲጮህ ይውላል፤ ወፎቹ አይሰሙትም። በመጨረሻ የግሪሶቹ አለቃ መጣችና «ድምፅህን ስጠን፣ እርሻህን እንተውልሃለን» አለችው። ሰጣት። ማሽላው ዳነ፤ ሰውየው ግን ዲዳ ሆነ፤ ልጁን ሀዋን እንኳ መጥራት አቃተው። ሀዋ የአባቷን ድምፅ ለማስመለስ ግሪሶቹን ተከትላ ወደ አፋር ሜዳ ወረደች። እዚያ አንድ ትልቅ ግራር አለ፤ ወፎቹ ከየአገሩ የወሰዱት ድምፅ ሁሉ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። አለቃዋ «አንዱን ምረጪ። ከተሳሳትሽ ያንቺም እዚሁ ይቀራል» አለቻት። ድምፆቹም ወደ ቤት መግባት ናፍቋቸው ስለነበር ሁሉም «ልጄ፣ እኔ ነኝ አባትሽ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ይለማመጧት ጀመር።

እዚህ ላይ ኩራዙ እየነደ ወጣ። አያ ይመር ተረቱን አቋርጠው ወገባቸውን በገመድ ታስረው ወረዱ።

እንድሪስ ያን ዕለት አልነበረም። ወባ ይዞት አራተኛ ቀኑ ነበር። «መጨረሻውን ሰምተህ ና» ብሎኝ ስለነበር በጨለማው እየሮጥኩ ሄድኩ። በእኛ በር ሳልፍ አባቴ ሰማኝና «አንተ ልጅ! እራትህን ሳትበላ የት ትሄዳለህ!» ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ ሌላ የፍቅር ቃል አያውቅም ነበር። አልቆምኩም።

እንድሪስ መደብ ላይ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። እናቱ ጨርቅ እያራሰች ግንባሩ ላይ ታደርግለታለች፤ እንባዋን እንዳላይባት ወደ ግድግዳው ዞራ ትጠርጋለች። ዓይኑን ገልጦ «አገኘችው?» አለኝ።

ኩራዙ ወጣ ማለት ነበረብኝ። ግን የእናቱን ፊት አየሁ፤ ሌላ ጉድጓድ እስኪከፈት ድረስ ላይቆይ ይችላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «አገኘችው» አልኩ።

«እንዴት?»

እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ በቃ ማናችሁንም አልፈልግም ብላ መሄድ ጀመረች» አልኩት። «ያን ጊዜ ሁሉም ማልቀስ ሲጀምሩ አንዱ ድምፅ ብቻ ተቆጣ። ‹አንቺ ልጅ! እራትሽን ሳትበይ የት ትሄጃለሽ!› አላት። ሀዋ ዞራ እሱን ቅርንጫፍ ያዘች።»

እንድሪስ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ እያለ ሳቀ። እናቱም ሳቀች። ከዚያ ተኛ።

አላህ ማረውና በሳምንቱ ተነሣ። ማማው ላይ እንደወጣን መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «እውነት እንዲያ ነው ያሉት? ወላሂ በል።» ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ግን ታሞ ሳለ የዋሸሁት ለእሱ ብዬ ነው፤ ድኖ ሲጠይቀኝ ደግሞ ዋሽቻለሁ ማለት አፈርኩ። «ወላሂ» አልኩ። የሚቀጥለው ጉድጓድ ሲከፈት ከአያ ይመር አፍ ይሰማና ይጋለጥብኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ነገር ግን አያ ይመር ሌላ ጉድጓድ ሳይከፍቱ ወደ ቆላ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ወርደው እዚያው ሞቱ። ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ ውስጤ ቀለል አለኝ። ያን መቅለሌን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እንድሪስ በትምህርቱ ገፋ፤ መምህር ሆነ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ቀርቼ ቆቦ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። እሱ በሄደበት ትምህርት ቤት ሁሉ ልጆቹ የሚያነቡት ተረት አጣሁ እያለ በደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። አንዱ ማተሚያ ቤት «የልጅ መጽሐፍ ማን ይገዛልሃል» ብሎ መለሰው፤ ሌላው «የትልቅ ሰው ልብ ወለድ ይዘህ ና» አለው። የመጀመሪያውን በደመወዙ አሳትሞ በትከሻው ተሸክሞ በየአውቶቡስ መናኸሪያው ሸጠ። ስለ ሀዋና ስለ አባቷ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጻፈ፤ ስሙ በልጆች ዘንድ ታወቀ። እያንዳንዱን ገዝቼ ከመርፌና ክር መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ግን ከጀርባው ገልብጬ ማየት አልወድም። እዚያ ላይ «ይህን ተረት አያ ይመር እንደነገሩን ጻፍኩት፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም» ይላል። በሐሰት ለማልኩት ለዚያ ወላሂ ብዙ ቀን ጾሜአለሁ። ሊነግሩት ለሚገባ ሰው ሳይነግሩ መጾምን ግን አላህ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት የከተማችን አንድ ትምህርት ቤት ጋበዘውና መጣ። ምርኩዝ ይዟል። እኔንም ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ። ሲያነብላቸው ልጆቹ መጨረሻው ሲደርስ አልጠበቁትም፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አንቺ ልጅ! እራትሽን ሳትበይ የት ትሄጃለሽ!» ብሎ ጮኸ። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኔ ግን እሱ የጠራኝ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። ከዚያ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ መጨረሻውን ከየት አመጡት? እርስዎ ነዎት የፈጠሩት?»

«እኔ?» አለ እንድሪስ እየሳቀ። «እኔ ከፍጥረቴ መፍጠር አላውቅም። ሥራዬ የሰሙትን ሳይጨምሩ መጻፍ ነው። እዚያ ከኋላ የተቀመጠው ጓደኛዬ ምስክሬ ነው። አይደለም እንዴ ሙሄ?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ወደ ሰባ እየሄድኩ ለሁለተኛ ጊዜ ማልኩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቄ በረንዳ ላይ ሻይ አስመጣሁለት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጊዜ ነበረን። ብርጭቆዬን ሁለት ጊዜ አነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ።

«ምነው፣ ትንኝ ገባብህ?» አለኝ።

«እንድሪስ፣ መጨረሻውን አያ ይመር አልነገሩንም።»

«የምኑን?»

«የሀዋን። ኩራዙ እየነደ ወጣ፤ አቆሙ። ያን የነገርኩህ እኔ ነኝ። የምትሞት መስሎኝ።»

መጀመሪያ ሳቀ። «አንተ? አንድ ቃል ጨምር ቢሉህ የምትፈራው?» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁ ቀረ። «ወላሂ ብለህልኛል፣ ሙሄ።»

«ብዬሃለሁ።»

«እኔ እኮ በየትምህርት ቤቱ ስምህን እየጠራሁ ነው የምናገረው። ስንት ልጅ ሰምቶኛል። እውነተኛ ነኝ ብዬ።»

«አውቃለሁ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

መጽሐፉን አምጣ አለኝ፤ ከመሳቢያዬ አወጣሁለት። እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዞ ከጀርባው ያለችውን መስመር ቀስ ብሎ፣ ተማሪ ደብተር እንደሚያርም መምህር፣ ከዳር እስከ ዳር ሰረዛት። በላይዋ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ያዘ፤ ቆየ፤ መልሶ ከደነው። ከዚያ፣ እንደ ዱሮው ከማማው ላይ እንዳለን ሁሉ፣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቀኝ።

«ታዲያ የሳቸው መጨረሻ ምን ነበር?»

«አላውቅም።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም። ያኔ ከነበሩት በሕይወት ያገኘኋቸውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ሁሉም የሚያስታውሱት ማሽላውን ነው።»

ረዳቱ «ወልዲያ! ወልዲያ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራ ነበር። እንድሪስ ተነሣ። ክንዴን ያዝ አደረገና ለቀቀ፤ አፉ እንዳለኝም እንዳላለኝም አላወቅሁም። ማታውን «ደርሻለሁ» የሚል መልእክት ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም መደወል ፈርቼ እሱ የሚደውልበትን እጠብቃለሁ።

ብዙ ጊዜ አያ ይመርን አስባለሁ። ገመዱን ታስረው ሲወርዱ መጨረሻውን ያውቁት ነበር ወይስ እሳቸውም ለሚቀጥለው ጉድጓድ ያስቡበት ኖሯል እላለሁ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጄም ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሐሳብ ጊዜ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ጭስና ፍም የቀረልኝ የግራሩ ዛፍ ነው፤ ሀዋ ከሥሩ ቆማ፣ ገና ሳትመርጥ።

ትምህርት ቤቱ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ የሀዋን ጨዋታ ይጫወታሉ። ጀርባዋን ሰጥታ የምትሄደው ልጅ ጥቂት እንደተራመደች ሁሉም ከኋላዋ ይጮኹባታል፤ እራት ሳትበይ የት ትሄጃለሽ ይሏታል። የማን ቁጣ እንደሆነ አያውቁም። እኔም እግሬን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቼ ቀና እላለሁ፤ ያን ማታ አባቴን ሳልቆም ባልፈውም፣ አሁን እቆማለሁ።